የኪቢሹ ሰው፣ የሻላ አመድና ሦስት ቁጥሮች፦ ከአንድ የሐዋሳ 12ኛ ክፍል የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

«ቲቸር፣ ሳይንስ ቁጥሩን በየጊዜው የሚቀያይር ከሆነ የትኛውን ይዘን ነው ፈተና የምንገባው?»

ጠያቂው ሐዋሳ ውስጥ የሚገኝ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ክፍለ ጊዜው ባዮሎጂ፣ ምዕራፉ ዝግመተ ለውጥ። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ግን የምሩን ነበር። ማትሪክ የሚጠብቀው ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ለቀልድ አይጠይቅም።

እኔ እዚያው ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ነገሩ ውስጥ የገባሁት የባዮሎጂ መምህሯ ስላማከረችኝ ነው። ትምህርት ቤቱን፣ እሷንም ሆነ ልጆቹን በስም አልጠቅስም። የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጉዳዩን ጽፌ ለማስቀመጥ የፈለግሁት አንድ ነገር ስለገረመኝ ነው። ዝግመተ ለውጥ ሲባል መምህራን ሁሌም የምንፈራው የሃይማኖት ክርክርን ነው። እነዚህ ልጆች ግን ጥርጣሬያቸውን ያነሱት በቁጥር በኩል ነው።

የጠቡ መነሻ

በታችኛው የኦሞ ሸለቆ፣ ከኬንያ ድንበር ብዙም ሳይርቅ ኪቢሽ የሚባል ቦታ አለ። በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የሚመራ ቡድን እዚያ የሰው ቅሪተ አካል አገኘ። ከራስ ቅል፣ ከመንጋጋ፣ ከእጅና ከእግር አጥንት የተረፉ ቁርጥራጮች ናቸው። ተመራማሪዎች «ኦሞ አንድ» ይሉታል። አጥንቱ የተገኘበት ስፍራም በኬንያዊው የቅሪተ አካል ፈላጊ በካሞያ ኪሜዩ ስም ይጠራል። ራስ ቅሉ ከፍና ክብ ያለ ነው። አገጭም አለው። የቅርብ ዘመዶቻችን የነበሩትና የጠፉት ኒያንደርታሎች እንኳ እንደኛ ያለ አገጭ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሰውዬው እንደ ድንቅነሽ ሩቅ ዘመድ አይደለም። የኛው ዓይነት ሰው ነው።

ዕድሜውስ? ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው።

አንዱ ልጅ የአጎቱን የድሮ ደብተር ይዞ መጥቷል። ደብተሩ 130 ሺህ ዓመት ይላል። መምህሯ ያስጻፈችው ኖት 195 ሺህ ይላል። ከኋላ የተቀመጠው ጠያቂያችን ደግሞ ስልኩ ላይ 233 ሺህ የሚል አግኝቷል። አንድ አጥንት፣ ሦስት ዕድሜ።

መምህሯ መጀመሪያ የሰጠችው መልስ ሁላችንም የምንሰጠው ዓይነት ነው። «ለፈተና ኖቱ ላይ ያለውን ያዙ» አለች። አልፈርድባትም። ፈተናው ምርጫ ነው፤ ከአራቱ አንዱን ማጥቆር ነው። ምዕራፉን የምትጨርስበት ጊዜም የተቆጠረ ነው። መልሱ ግን ነገሩን አባሰው። በማግስቱ ስትገባ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሦስቱ ቁጥሮች ተደርድረው ጠበቋት። ከሥራቸው «ነገስ?» ተብሎ ተጽፏል። አንዲት ተማሪ ደግሞ ነገሩን ወደፊት ገፋችው። ዕድሜው ግምት ከሆነ ታሪኩም ግምት ነው፤ ታሪኩ ግምት ከሆነ ምዕራፉን ሸምድደን መርሳት ነው አለች። ብዙዎቹ ተስማሙ።

ሻይ ሰዓት ላይ መምህሯ እኔ ወደተቀመጥኩበት መጣች። «አንተ ስምጥ ሸለቆን አይደል የምታስተምረው? አመድ እንዴት እንደሚለካ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ምዕራፉ እንዴት ነበር የሚሰጠው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ዝግመተ ለውጥን የምናስተምረው በላማርክ ቀጭኔና በዳርዊን ወፎች ነው። የሁለቱን ስም፣ የመርከቧን ስም፣ የደሴቶቹን ስም እናስይዛለን። ጋላፓጎስ ድንቅ ቦታ ነው፤ ዳርዊን በ1835 እዚያ መድረሱም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የሐዋሳ ልጅ መኖሪያው ራሱ የፈነዳ እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። ሐይቁ የተኛው እዚያ ነው። ወንዶ ገነት ሄዶ በፍል ውሃ ይታጠባል። ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከአርሲ ነጌሌ በኋላ ሻላ ሐይቅን በመስኮት ያያል። የሰውን ዘር ዕድሜ ከሚናገሩ ምስክሮች አንዱ እዚያ ነው የተቀመጠው። ማንም አልነገረውም።

ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚበላው ልጅ ጉሬዛና ጦጣ አጠገቡ ሲዘሉ ያያል። ክፍል ውስጥም የሚነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው። «ሰው ከጦጣ ከመጣ እነዚህ ለምን ሰው አልሆኑም?» መልሱ አጭር ነው። ሰው ከእነዚህ አልመጣም። እነሱም እኛም ከጥንት የጋራ ቅድመ አያት የወረድን ነን፤ ከእነሱ መስመር የተለየነው ከ25 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከቺምፓንዚ ጋር ያለን የጋራ ቅድመ አያት ይቀርባል፤ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። የአጎት ልጅ አንተን አይሆንም፤ አንተም እሱን ለመሆን አትጠበቅም። ይህን መምህሯ በደንብ ታስረዳለች፤ ልጆቹም ይይዙታል። የቁጥሩ ነገር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚመለስ አልነበረም።

የሻላ ትምህርት

ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ተቀናጀን፤ የእኔና የእሷ። የተስማማነው በአንድ ነገር ነው። ቁጥር አንናገርም፤ መጀመሪያ ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ እናሳያለን።

የጀመርነው በመሶብ ነው። የተጋገረው እንጀራ ሲደረደር ከታች ያለው ቀድሞ የተጋገረው ነው። አጥንትህ በሁለት እንጀራ መሃል ከተገኘ ከታችኛው በኋላ፣ ከላይኛው በፊት የተቀመጠ ነው። ይህን ማንም ልጅ አልተከራከረም። የደለልና የአመድ ሽፋኖችም የሚነበቡት እንዲሁ ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱን አሳየናቸው። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ቅልጡ አለት ውስጥ የነበረው አርጎን ጋዝ ያመልጣል። ሲቀዘቅዝ ክሪስታሎች ይቀራሉ። ክሪስታሎቹ ውስጥ ፖታሲየም አለ። ከፖታሲየሙ እጅግ ጥቂቱ ራዲዮአክቲቭ ነው። እሱም በጣም በቀስታ ይፈርሳል፤ ግማሹ ለመፍረስ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ከሚፈርሰው የተወሰነው አርጎን ይሆናል፤ ክሪስታሉም አፍኖ ይይዘዋል። ስለዚህ የታመቀውን አርጎን ለክተህ ፍንዳታው ከስንት ዓመት በፊት እንደነበረ ታሰላለህ። እዚህ ላይ መምህሯ ቾኩን አስቀምጣ ጠየቀቻቸው። «ምንድን ነው የለካነው? የአጥንቱን ዕድሜ ነው?» ክፍሉ «አዎ» አለ። አንድ ልጅ ብቻ «አይ፣ የፍንዳታውን» አለ። ልጁ ልክ ነበር።

ይህች ነጥብ ትንሽ ትመስላለች። ግማሹ ግርግር የመጣው ግን ከዚህች ነው። ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች አጥንቱ ራሱ ተለክቶ የተገኘ አንድም የለም። 130 ሺህ የመጣው በዚያው የደለል ክምችት ውስጥ ከተገኙ የውሃ ዛጎሎች ነው፤ ዩራኒየማቸው ተለክቶ። 195 ሺህ በ2005 የወጣው ከአጥንቱ ዝቅ ብሎ ይገኛል ከተባለ የእሳተ ገሞራ ሽፋን ነው። የ2022ቱ 233 ሺህ ደግሞ ከአጥንቱ በላይ ከተኛ አመድ።

የ2022ቱ ታሪክ ለሐዋሳ ልጅ የተጻፈ ነው የሚመስለው። ኪቢሽ ላይ ከአጥንቱ ሽፋን በላይ ከሁለት ሜትር በላይ ውፍረት ያለው አመድ አለ። ነገር ግን በጣም ደቃቅ ነው። ከሩቅ ነፋስ ያመጣው ዱቄት ስለሆነ በአርጎን ለመለካት የሚበቃ ክሪስታል አልተገኘበትም። ታዲያ ምን ይደረግ? የእሳተ ገሞራ ተመራማሪዋ ሴሊን ቪዳል የመራችው ቡድን አመዱ ከየት እንደመጣ መፈለግ ጀመረ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ሊቁ አስፋወሰን አስራትም ከጽሑፉ ደራሲዎች አንዱ ነው። የእያንዳንዱ ፍንዳታ መስታወት መሰል ብናኝ የራሱ የኬሚካል አሻራ አለው፤ ሲሊካው፣ ብረቱ፣ ሌሎቹም ጥቃቅን ንጥረ ነገሮች። የኪቢሹን አሻራ ከስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች አሻራ ጋር ሲያስተያዩት ከሻላ ጋር ገጠመ። ሻላ አጠገብ ደግሞ የዚያው ፍንዳታ ትላልቅ ፑሚሶች (ከእሳተ ገሞራ የወጡ ቀላል ድንጋዮች) አሉ፤ ክሪስታል ያላቸው። እነሱ ተለኩ። 233 ሺህ ዓመት፣ 22 ሺህ ሲደመር ወይም ሲቀነስ።

ከሻላ እስከ ኪቢሽ ቀጥታ ሲለካ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያ ሁሉ አመድ እዚያ ድረስ ሄዶ ሁለት ሜትር ከፍታ ተከምሯል። ዛሬ ሻላ የተኛበት ጎድጓዳ ከእንዲህ ያለ ፍንዳታ የቀረ ነው። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችንም ጥልቁ እሱ ነው፤ 266 ሜትር ይወርዳል። ይህን ስናገር ክፍሉ ጸጥ አለ። ለነገሩ ጂኦግራፊ ክፍል ውስጥ ይህን ያህል ጸጥታ ኖሮኝ አያውቅም።

ልጅቷ ያገኘችው ስህተት

ያልጠበቅነው ነገር የመጣው በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ያቺ «ምዕራፉን ሸምድደን መርሳት ነው» ያለችው ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የ2005ቱ ከአጥንቱ በታች ነው ብላችኋል። 195 ሺህ። የ2022ቱ ከአጥንቱ በላይ ነው። 233 ሺህ። ላይኛው እንጀራ ከታችኛው ቀድሞ ተጋገረ ማለት ነው?»

እኔና መምህሯ ተያየን። ልጅቷ ሊቃውንቱ የተከራከሩበትን ነጥብ ነው የያዘችው።

ሰሌዳው ላይ አወጣነው። የ2005ቱ 195 ሺህ፣ 5 ሺህ ሲደመር ወይም ሲቀነስ ነው። ቢበዛ 200 ሺህ ይሆናል። የ2022ቱ ቢያንስ 211 ሺህ ይሆናል። የስህተት ወሰኑ ፍጹም ድንበር አይደለም፤ ትንሽ ሊያልፍ ይችላል። ቢሆንም ሁለቱ አይነካኩም። ስለዚህ ሁለቱም መለኪያዎች፣ ሁለቱም የተባሉበት ቦታ ላይ ሆነው፣ ባንድ ላይ ትክክል ሊሆኑ አይችሉም። አንዱ ጋ የሆነ ነገር ተሳስቷል።

«የቱ ነው የተሳሳተው?» አለ ጠያቂያችን።

መምህሯ መልሱን አልሰጠችም። «አንተ ብትሆን ምኑን ትጠይቅ ነበር?» አለችው። ልጆቹ የሰጡትን እዚህ መጻፍ ደስ ይለኛል። አንዱ መለኪያ መሣሪያው ተበላሽቶ እንደሆነ ይታይ አለ። ሌላዋ ድንጋዩ የተነሳው ከአጥንቱ ትክክል ሥር ነው ወይ ስትል ጠየቀች። ሦስተኛው ጎርፍ አሮጌ ድንጋይ አምጥቶ አዲስ ሽፋን ውስጥ ሊከት አይችልም ወይ አለ። ይህ የመጨረሻው በተለይ ጥሩ ነው። የታቦር ተራራን ተዳፋት ክረምት ላይ ያየ ልጅ ያስበዋል።

ለመልሱ የቀረበችው ሁለተኛዋ ናት። በ2005ቱ ቁጥር ላይ የተነሳው ጥያቄ ስለ መሣሪያው አልነበረም። ክርክሩ የተለካው ሽፋንና የአጥንቱ ሽፋን በቦታው ላይ ያላቸው ዝምድና ምን ያህል የታመነ ነው የሚል ነበር። የላይኛው አመድ ከአጥንቱ ሽፋን በላይ መሆኑ ግን አያጠራጥርም። ስለዚህ ሚዛኑ ወደ እሱ አደላ። ከዚህ የሚከተለው ግን «ኦሞ አንድ 233 ሺህ ዓመቱ ነው» የሚል አይደለም። ከዚያ አያንስም ነው። ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚነግረን፣ ከአጥንቱ በታች ካለው ሽፋን የሚመጣው ወሰን ገና ክፍት ነው።

«ቢያንስ» የምትለዋ ቃል ከኖታችን ውስጥ ጠፍታ ነበር። ከብዙ የጋዜጣ ርዕሶችም እንዲሁ።

በዚህ ሁሉ ምን አልተቀየረም? ይህን ያነሳችው መምህሯ ናት፤ ጥሩ አድርጋ። አጥንቱ አልተቀየረም። አገጩ አልተቀየረም። የሽፋኖቹ አሠራር ሕግ አልተቀየረም። እንዲያውም ተመራማሪዎች ከ30 ዓመት በላይ ቆይተው ወደዚያው ስፍራ ሲመለሱ ያገኙት የጭን አጥንት ቁራጭ በ1967 ከተገኘው ቁራጭ ጋር ገጥሟል። ከሌላ ቦታ የመጣው ማስረጃም ከአዲሱ ቁጥር ጋር አይጣላም። ሞሮኮ ውስጥ ጀበል ኢርሁድ የተገኙት አጥንቶች በ2017 በወጣ ጥናት 300 ሺህ ዓመት ገደማ ተብለዋል። ሰሌዳው ላይ «ነገስ?» ብሎ የጻፈው ልጅ ነገ 250 ሺህ ቢባል እንደማይደነቅ ተናገረ። 50 ሺህ ቢባልስ? «እሱማ አይሆንም» አለ፤ «አመዱ አይፈቅድም።»

ታዲያ ቢያታልሉንስ?

ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም ነበር፤ መጣም። መልስ የሰጠነው በፒልትዳውን ነው። በ1912 እንግሊዝ አገር ውስጥ የሰው ቅድመ አያት ተገኘ ተባለ። የሰው ራስ ቅልና የዝንጀሮ ወገን የሆነ መንጋጋ ቀለም ተቀብቶ፣ ጥርሱ ተሞርዶ የተቀናጀ ማጭበርበሪያ ነበር። ለ40 ዓመት ብዙዎችን ሸወደ። በ1953 ያጋለጡት ሳይንቲስቶች ራሳቸው ናቸው፤ አጥንቱ ውስጥ ያለውን ፍሎሪን ለክተው፣ ጥርሱን በማጉያ አይተው።

አንድ ነገር ጨመርኩ። ዳርዊን በ1871 የሰው ቅድመ አያቶች በአፍሪካ ሳይኖሩ አይቀርም ብሎ ጽፏል። ያኔ ከአፍሪካ የተገኘ አንድም እንዲህ ያለ ቅሪተ አካል አልነበረም። ከድንቅነሽ ወገን የሆነው የመጀመሪያው በ1924 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተገኘ። ድንቅነሽ በ1974 ሐዳር ላይ ተገኘች፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ሰላም የተባለችው ሕፃን በ2000 ዲኪካ ላይ፤ 3.3 ሚሊዮን። አርዲ የተባለችው ደግሞ 4.4 ሚሊዮን። ፒልትዳውን ተቀባይነት ያገኘበት አንዱ ምክንያት ሰው ከአውሮፓ መነሳት አለበት የሚል ምኞት ስለነበረ ነው። ከአፍሪካ የወጡት አጥንቶች በበዙ ቁጥር እሱ የትም የማይገጥም ሆነ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማቸው። ኩራት ማስረጃ አይደለም፤ ግን ጆሮ ይከፍታል።

ገደሉ ላይ

ከከተማው ወጣ ብሎ አፈር የሚቆረጥበት ገደል አለ። በእግር ሄድን። የተቆረጠው ግድግዳ ላይ ነጣ ያለ፣ ቡናማ፣ እንደገና ነጣ ያለ ሽፋን ይታያል። ፑሚስም አለበት፤ ለብሎኬት የሚጫነው፣ ተረከዝ የምንፈገፍግበት፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ቀላል ድንጋይ። ልጆቹ ወዲያው «ይሄ የሻላ ነው?» አሉ። መምህሯ «በምን ታውቃላችሁ?» አለች። አሻራው ካልተመረመረ አይታወቅም አሉ። በዙሪያችን ኮርቤቲ የሚባል እሳተ ገሞራም አለ፣ ሌሎችም አሉ። ከዚያ ገደል የወሰድናት አንዲት ድንጋይ ላይ ጽሑፍ ለጥፈው ቤተ ሙከራ አስቀመጡት። ጽሑፉ «ምንጩ ያልታወቀ ፑሚስ» ይላል። ከዚህ በፊት ቢሆን «የሻላ ፑሚስ» ብለው በጻፉ ነበር።

ወባና ቦሎቄ

የሩቁ ዘመን በሻላ ገባቸው። «ግን ዝግመተ ለውጥ ሲካሄድ አይቶ የሚያውቅ አለ?» የሚለው ቀረ። መምህሯ እዚህ ላይ የተዘጋጀችው ከእኔ የተሻለ ነበር።

ሐዋሳ ላይ ወባን የማያውቅ የለም። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ጣትህን ወግተው አንድ ጠብታ ደም ፈጣን መመርመሪያ ላይ ያደርጋሉ። ሁልጊዜ ከሚወጣው የመቆጣጠሪያ መስመር ሌላ መስመር ከወጣ ወባ ነው። ብዙዎቹ መመርመሪያዎች የሚፈልጉት ፋልሲፓረም የሚባለው ፓራሳይት የሚያመርተውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። በ2021 በወጣ ጥናት፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋር በሚያዋስኑ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች ተመረመሩ። ፕሮቲኑን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው ፓራሳይቶች ተገኙ። ከፋልሲፓረም ሕሙማን 9.7 በመቶ ያህሉ በዚህ መመርመሪያ ሊያመልጡ እንደሚችሉም ተገመተ። ሰውየው ታሟል፤ መመርመሪያው የለህም ይለዋል።

«ፓራሳይቱ አራዳ ነው!» አለ አንዱ። «መመርመሪያውን ሲያውቅ ጂኑን ጣለው።»

ክፍሉ በሙሉ የሚያስበው ይህንኑ ነው። እውነቱን ለመናገር ዩኒቨርሲቲ የጨረሱም እንዲህ ሲያወሩ እሰማለሁ። መምህሯ አልተከራከረችም። ቀይና ነጭ ቦሎቄ የያዘ ፌስታል አወጣች። በየጠረጴዛው ብዙ ቀይ፣ ሁለት ሦስት ነጭ ሰጠች። ቀዩ ፕሮቲኑ ያለው፣ ነጩ የሌለው ፓራሳይት ነው። አንድ ተማሪ ነርስ ይሆናል። ነርሱ በየዙሩ የሚያየውን ቀይ ያነሳል፤ ያ ሕመምተኛ የወባ መድኃኒቱን ኮአርተምን አግኝቷልና። ነጩ አይታየውም። የተረፈው ደግሞ በእጥፍ ይባዛል። ጥቂት ዙር ሄዱ። ጠረጴዛው ነጣ።

«ስንቱ ቀይ ነጭ ሆነ?» አለች።

አንድም አልሆነም። አንዱም ቦሎቄ ቀለም አልቀየረም፤ አንዱም አላሰበም። ነጮቹ ነርሱ ከመምጣቱ በፊትም ነበሩ። የተቀየረው ክምሩ ነው። አንዲት ልጅ «ነርሱ ነዋ የመረጣቸው!» አለች። የተፈጥሮ ምርጫ ማለት ይኸው ነው፤ ነርሱ መምረጡን ሳያውቅ።

ከዚያ የክሎሮኪን ነገር ተነሳ። ወላጆቻቸው መራራውን ክኒን ያስታውሳሉ። ፋልሲፓረም ሲለምደው በሌላ ተተካ፤ እሱም አቅቶት በ2004 ኮአርተም ገባ። «ለመደው» የምንለው አነጋገር ራሱ ልጁ ያለውን ስህተት የተሸከመ ነው፤ ግን ቃሉን ትቼ ነገሩን ልቀጥል። ስንዴም ላይ ያው ነው። ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉ የተባለው ዝርያ ዋግን ይቋቋማል ተብሎ በሰፊው ተዘራ። በ2013 እና በ2014 አዲስ የግንድ ዋግ ዘር መጥቶ ማሳውን አወደመው። ዘመዶቹ አርሲ ያሉት አንድ ልጅ ይህን ከእኛ በተሻለ ተረከው፤ ገበሬው ያጣውን ጨምሮ።

ቅሬታው

አንዲት እናት መጡ። ነጠላቸውን አጥብቀው፣ በትሕትና ነው የመጡት። «መምህርት፣ ልጄ ቤት መጥቶ ስለ አመድ ሲያወራ ያመሻል። ደግ ነው። ግን እምነቱን እንዳያስጥሉብኝ ነው የምፈራው» አሏት።

መምህሯ ወንበር ሰጥታ ያስጠናችውን ወረቀት አሳየቻቸው። «እማማ፣ እዚህ ውስጥ ምን ታምናለህ የሚል ጥያቄ የለም። የትኛው ሽፋን ከየትኛው ይቀድማል፣ በምን አወቅህ የሚል ነው ያለው። እምነቱን እኔ አልጠይቀውም፤ ማርክም አልሰጥበትም» አለች። እናትየው ሙሉ በሙሉ አልተዋጠላቸውም። አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ ልጄ ጥያቄ ሲጠይቅ እንዳይሳቅበት። ልጃቸው ያ የመጀመሪያውን ጥያቄ የጠየቀው ነው። መምህሯ ቃል ገባች።

ርዕሰ መምህሩ በበኩላቸው የተጨነቁት ስለ ሰዓቱ ነው። ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ከዚያ ገደሉ፣ ከዚያ ቦሎቄው። የቀረው ምዕራፍስ? ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ በብሔራዊ ፈተና ውጤት የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። መምህሯ ላማርክን በግማሽ ክፍለ ጊዜ ጨርሳ የቀረውን አካካሰች። እኔን ከጠየቃችሁኝ ላማርክ ከዚያም አይበልጥም።

ፈተናው

የክፍል ፈተናዋ ላይ አንድ ሥዕል አስገባች። አራት ሽፋን፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው መሃል አጥንት። ላይኛው አመድ ዕድሜው ተሰጥቷል፤ ታችኛው አልተሰጠም። ጥያቄው ሁለት ነው። ስለ አጥንቱ ምን ማለት ይቻላል? ምን ማለት አይቻልም?

ጎበዝ የሚባሉት ሸምዳጆች ተናደዱ። የሚያጠቁሩት ፊደል የለም። አብዛኛው ክፍል የመጀመሪያውን መለሰ። ሁለተኛው ላይ ብዙዎች ወደቁ፤ የላይኛውን አመድ ዕድሜ ወስደው «አጥንቱ ይህን ያህል ዓመቱ ነው» ብለው ጻፉ። ያ ሁሉ ከተባለ በኋላም ማለት ነው። የመጨረሻ ወንበሩ ልጅ «ከዚህ አያንስም፤ ምን ያህል እንደሚበልጥ ግን ታችኛው ካልተለካ አይታወቅም» ብሎ ጽፏል። አጠገቡ ደግሞ በእርሳስ ትንሽ ጥያቄ ጨምሯል፤ «ብሔራዊ ፈተና ላይ 195 ሺህና 233 ሺህ ሁለቱም ምርጫ ሆነው ቢመጡስ?»

መምህሯ ለዚህ የምትሰጠውን መልስ አብረን አስበንበታል። እስካሁን ያላት መልስ ጥያቄው «ቢያንስ» የሚል ቃል አለው ወይ ብለህ እይ የሚል ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሻላን ከላማርክ በፊት ታስገባዋለች። ርዕሰ መምህሩ የመኪና ኪራይ ካገኙ ደግሞ ገደሉን ትተን ሻላ ራሱ ጋ እንሄዳለን።